ለፈረንሳዊው ብስክሌተኛ ያልተረጎምኩለት ቃል

ያንን የጥርስ ሐኪም ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል። የሚያውቁኝ ሰዎች "እስካሁን?" እያሉ ይስቁብኛል። አዎ፣ እስካሁን። ንዴቴ በሱ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይወጣልኝ ነበር። በራሴም ላይ ስለሆነ ነው ያልለቀቀኝ።

አዲስ አበባ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ፈረንሳይኛ አስተምሬያለሁ። ካልጋሪ የገባነው ዘጠናዎቹ ሲጀምሩ ነው። ባለቤቴ ኦግደን በሚባል ሰፈር፣ ባቡር በሚጠገንበት ግቢ ውስጥ የብየዳ ሥራ ያዘ፤ እኔ ጓንት የሚሰፋበት ፋብሪካ ገባሁ። ካናዳ የሁለት ቋንቋ አገር ናት ተብለን ነበር የመጣነው። ውሸት አይደለም፤ የኮርንፍሌክሱ ካርቶን አንዱ ጎን እንግሊዝኛ፣ ሌላው ጎን ፈረንሳይኛ ነው። ፔንብሩክ ሜዶውስ በሚባል ሰፈር በተከራየናት ቤት ጠዋት ጠዋት የካርቶኑን ፈረንሳይኛ እንደ ዜና አንባቢ ድምፄን አሳምሬ ለልጄ አነብላት ነበር። እሷ ትስቃለች፤ እኔ ውስጤ ይቃጠላል። ፋብሪካው ውስጥ ሱፐርቫይዘራችን ሦስት ዓመት ሙሉ ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም። "ማሽን ስድስት" ነበር የሚለኝ።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ላይብረሪ ሄጄ ሰሌዳው ላይ "ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ የሚችል አስተርጓሚ ለብስክሌት ክለብ ይፈለጋል፤ ፓርት ታይም" የሚል ወረቀት ሳይ፣ ሌላ ሰው እንዳያየው ገንጥዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ስለ ብስክሌት የማውቀው አንድም ነገር አልነበረም። ነድቼም አላውቅም።

የክለቡ ፕሬዚዳንት ያነጋገረኝ በራሱ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ጥርሱ እንደ ሸክላ ሳህን የነጣ ሰው ነበር።

"እንዲያሠለጥነን ከፈረንሳይ ፕሮፌሽናል አስመጥተናል" አለኝ። "ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ እንግሊዝኛ አንድ ቃል አይችልም። አንቺ አፉ ትሆኛለሽ።"

አፉ ትሆኛለሽ ሲለኝ ደስ አለኝ። ማሽን ስድስት ከመሆን አፍ መሆን ይሻላል ብዬ።

ፈረንሳዊው ያኔ ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ከኔ በሦስት ዓመት ያንሳል። ቀጭን፣ ጉንጩ የጎደጎደ፣ ግራ ጉልበቱ ላይ እንደ ዚፕ የሚወርድ የስፌት ጠባሳ ያለበት ሰው። ፈረንሳይኛዬን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከመጣ ጀምሮ ሁለት ሳምንት ከማንም ጋር አላወራም ነበር። "እመቤት" ይለኝ ጀመር። ፈረንሳይኛም እንደኛው አንቺና እርስዎ አለው፤ እኔም እሱም እርስዎ ነበር የምንባባለው። አንዳችንም ያቺን ድንበር ለማለፍ አልሞከርንም።

መጀመሪያ ያስተረጎመኝ ሳይክሎ ክሮስ ማለት ምን እንደሆነ ነው። የክለቡ አባላት ከከተማው በስተሰሜን ያለው የሣር ኮረብታ ላይ ተሰብስበዋል፤ ሃያ የሚሆኑ ናቸው። እሱ ብስክሌቱን ከፍ አድርጎ ትከሻው ላይ ጣለና ዳገቱን ሮጦ ወጣ፤ ጉልበቱ ላይ ያን ሁሉ ስፌት ተሸክሞ። ከላይ ሆኖ ጮኸ፤ እኔ ከታች ተረጎምኩ። "ጭቃ ውስጥ፣ አሸዋ ውስጥ፣ ጣውላ በተጋደመበት መንገድ ላይ ነው የምትወዳደሩት። መንዳት ሲያቅታችሁ ወርዳችሁ፣ ተሸክማችሁ፣ ሮጣችሁ፣ እንደገና ዘላችሁ ትወጣላችሁ። አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ግን ስትጨርሱ እናታችሁ አታውቃችሁም።" ሁሉም ሳቁ። በኔ አፍ ሰው ሲስቅ መስማት ከናፈቀኝ ስንት ጊዜዬ።

መኪና ስላልነበረው ወደ ልምምድ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ሕይወቱን የነገረኝ በዚያች አሮጌ መኪናችን ውስጥ፣ እያቋረጠ እያቋረጠ ነው።

ብሬታኝ የሚባል የፈረንሳይ ጠርዝ ላይ፣ ወተት የሚሸጥ ገበሬ ልጅ ነው። በብርዱ ወራት እሑድ እሑድ በየመንደሩ የሳይክሎ ክሮስ ውድድር አለ፤ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ በቀጥታ ጭቃው ዳር ይሰለፋል። በዚያ ጭቃ ውስጥ በወጣትነቱ የአገሩ ሻምፒዮን ሆነ። በሃያ ሁለት ዓመቱ አንድ የጎዳና ላይ ውድድር ቡድን ፕሮፌሽናል አድርጎ ቀጠረው። የቡድኑ ዳይሬክተር በመጀመሪያው ቀን ያለውን ቃል በቃል ነገረኝ፦ "ብርዱ ያንተ ነው፤ በጋው የኔ ነው።"

በጋው ላይ ሥራው ምን እንደነበር ስጠይቀው "ዶሜስቲክ" አለኝ። የሰማሁትን ተጠራጠርኩ። ዶሜስቲክ በፈረንሳይኛ የቤት አገልጋይ ነው፤ ባማርኛ ልበለው ካልኩ ሎሌ።

"ብስክሌት ላይ ሎሌ አለ እንዴ?" አልኩት።

"ብስክሌት ላይ ከሎሌ በቀር ምን አለ?" አለኝ። "በየቡድኑ አንድ ጌታ አለ፤ ሌሎቻችን ለሱ ነን። ወደ ኋላ ተመልሼ ከመኪናው የውሃ ኮዳ እቀበላለሁ፤ ስምንቱን ማሊያዬ ውስጥ ከትቼ እየነዳሁ አድለዋለሁ። ነፋስ ሲመጣ ከፊቱ ሆኜ እከላከልለታለሁ። ጎማው ሲተነፍስ ጎማዬን ነቅዬ እሰጠዋለሁ። አንድ ጊዜማ ቁመታችን እኩል ስለሆነ ሙሉ ብስክሌቴን ሰጥቼው መንገድ ዳር ቆሜ ቀርቻለሁ።"

ብርዱ ሲመጣ ግን ጭቃው ውስጥ ጌታ የለም። ያኔ የራሱ ሰው ይሆናል። ሁለት ጊዜ በፈረንሳይ ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጣ፤ አንድ ጊዜ በዓለም ሻምፒዮና አምስተኛ። የእሑድ ውድድሮችንማ ብዛታቸውንም አያስታውስ። ስለነዚህ ሲያወራ ድምፁ ይለወጥ ነበር፤ ስለ በጋው ሲያወራ ደግሞ እጁ ጉልበቱ ላይ ይሄድና ጠባሳውን ያሻል።

አንድ ቀን ከልምምድ ስንመለስ የሐምሌውን ነገር አወጣው። ፈረንሳይን የሚዞረው ታላቁ ውድድር ላይ፣ መንገዱ በሱ አገር በሚያልፍበት ቀን፣ ከሌሎች ጋር አምልጦ ወጣ። አብረውት ያመለጡት አንድ በአንድ ደክሟቸው ቀሩ።

"ብቻዬን ነበርኩ፣ እመቤት። አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ቀርቶኛል። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ በልጅነቴ ወተት ያደረስኩበት መንገድ ነው። ከዚያ የቡድኑ መኪና ከኋላዬ መጣ። ዳይሬክተሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ 'ቁምና ጠብቀው' አለኝ። መሪያችን ከኋላ ተነጥሎ ስለነበር ነፋሱን የሚከላከልለት ሰው ፈልጎ ነው።"

"ታዲያ ቆሙ?"

"አንድ እግሬን መሬት ላይ አደረግኩ። መንገድ ዳር ያለው ሰው ጮኸብኝ፤ አንዲት አሮጊት ጀርባዬን እየገፋች 'ሂድ እንጂ፣ ሂድ!' አለችኝ። ቆሜ ጠበቅኩት። መጣ። አላየኝም እንኳ። ከፊቱ ሆኜ ጎተትኩት። ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀረን አባቴ ከጎረቤቶቹ ጋር፣ ስሜን ካርቶን ላይ ጽፎ ቆሟል። ብቻውን እየመራ ነው ብለው በሬዲዮ ነግረውታል። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ ከሰው ጋር ተቀላቅዬ አለፍኩ። ማታ ስልክ ደወልኩለት። 'ብስክሌቱ ተበላሽቶብህ ነው አይደል?' አለኝ። አዎ አልኩት። ያንን አምኖ ሞተ።"

መኪናዋን ጥግ አስይዤ አቆምኩ። መንዳት አቅቶኝ ነው። የኔ አባት ስላይደለ፣ የኔ አገር ስላይደለ፣ ንዴቱ ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም፤ የመኪናዋን መሪ በጡጫ መታሁት።

"ለምን እምቢ አላሉትም?"

"አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በልቤ እምቢ ስለው ኖሬያለሁ" አለኝ። "ያን ቀን ግን አፌ አልታዘዘልኝም።"

ሠላሳ አራት ዓመቱ ላይ፣ በጸደይ፣ ዝናብ ባረጠበው ድንጋይ ንጣፍ ላይ ወደቀ። ጉልበቱ ተሰበረ። ሆስፒታል ተኝቶ እያለ ቡድኑ ኮንትራቱን እንደማያድስለት በፋክስ አሳወቀው፤ ፋክሱን ያመጣችለት ነርሷ ናት። የፕሮፌሽናል ሕይወቱ በዚያ አበቃ። ከዚያ በኋላ በየክለቡ ተላላኪም አሰልጣኝም ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ ነው የካልጋሪው የጥርስ ሐኪም ያገኘው።

ሐኪሙ ግን ይህንን ሰው አልነበረም የፈለገው። ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፖስተር አሠርቶ፣ ከፎቶው ሥር "የዓለም ሻምፒዮን" የሚል ሊያስጽፍበት አስቦ እንድተረጉምለት ጠራኝ። ተረጎምኩ።

"አምስተኛ ነኝ" አለ ፈረንሳዊው። "አምስተኛ ብለህ ጻፍ ይበሉት።"

"ማን ያጣራዋል?" አለ ሐኪሙ እየሳቀ።

ተረጎምኩለት። ፈረንሳዊው አልሳቀም። "እኔ" አለ።

ፖስተሩ በመጨረሻ "የፈረንሳይ ፕሮፌሽናል" ብቻ ተብሎ ታተመ። ሐኪሙ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በአሰልጣኙ ላይ ፊቱ እንደጠቆረ ቀረ።

በክለቡ ውስጥ ሁለት ጎበዝ ሴቶች ነበሩ። አንዷ የሐኪሙ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ ጨዋ ልጅ። በሷ ቅሬታ የለኝም። ሁለተኛዋ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት የደረሰ፣ ቀኑን ሙሉ በእግሯ ደብዳቤ የምታድል ፖስተኛ ናት። አሰልጣኙ ፖስተኛዋ ብስክሌቷን ስትሸከም ባየ ቁጥር "የዚህችን ትከሻ መንግሥት አሠልጥኖልኛል" ይል ነበር። ልጅቷ ገንዘብ የሚገዛው ሁሉ አላት፤ ፖስተኛዋ አንድ ብስክሌት አላት፣ እሱም ሲሰበር አሰልጣኙ ራሱ ነው የሚጠግንላት። ልምምድ አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም። ከሺፍቷ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ትመጣለች።

የመጨረሻው ውድድር በኅዳር ወር፣ ወንዙ ዳር ባለ ሜዳ ላይ ተደረገ። ጠዋት በረዶ ጥሎ ከሰዓት በፊት ቀለጠና መሬቱ ላዩ ጭቃ፣ ሥሩ ድንጋይ ሆነ። ያሸነፈችው ሴት ክፍለ አገሩን ወክላ ወደ አገር አቀፉ ሻምፒዮና ትሄዳለች። አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው።

እኔና አሰልጣኙ መለዋወጫ ጎማ የሚቀመጥበት ጥግ ቆመናል። ፖስተኛዋ በየዙሩ ስታልፍ በፈረንሳይኛ ይጮህላታል፤ እሷም ቃሉን ሳይሆን ድምፁን ትረዳለች። ሁለት ዙር ሲቀር እየመራች ነበር። የሐኪሙ ልጅ ከኋላዋ ናት፤ በዓይን ትታያለች፣ ግን አትደርስባትም።

በዚህ መሀል ሐኪሙ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ወደ አሰልጣኙ አላየም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በዚያ ለስላሳ ድምፁ ተናገረ።

"ንገሪው፤ ፖስተኛዋ ትጠብቅ።"

"ምን?" አልኩ።

"ፍጥነቷን ትቀንስና ልጄ ትለፋት። የሱን ቃል ትሰማለች። ለክለቡ ጥቅም ነው፤ ልጄ ወጣት ናት፣ ገና ብዙ ትሠራለች። ፖስተኛዋ እዚያ ሄዳ ምን ትሆናለች? በይ፣ ቶሎ ንገሪው።"

ራሱ አይናገርም። ዳኞቹ ፊት አይጮህም። ቆሻሻው በኔ አፍና በአሰልጣኙ አፍ አልፎ እንዲደርስ ነው የፈለገው፤ የሱ አፍ ንጹሕ ሆኖ እንዲቀር። ያቺ መኪና ውስጥ የሰማኋት ቃል ራሷ ናት፤ ውቅያኖስ ተሻግራ መጥታ እኔን ተርጉሚኝ ትለኛለች።

አሰልጣኙ ዞር አለ። "ምን አለ?"

የፊቱን ሁኔታ አየሁ። ጭቃ የተረጨበት፣ ደስ ያለው ፊት ነው። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም ነበር።

"ጎበዝ ናት እያለ ነው" አልኩት።

አሰልጣኙ ፈገግ አለና ለሐኪሙ አውራ ጣቱን ቀና አድርጎ አሳየው። ሐኪሙም ተስማማ ማለት ነው ብሎ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። በሆዴ ሳቅሁ። ያታለልኩት መስሎኝ።

ፖስተኛዋ አሸነፈች። መስመሩን ስታልፍ ብስክሌቷ ላይ ተደፍታ ጮኻ አለቀሰች፤ አሰልጣኙ ሮጦ ሄዶ ከነጭቃዋ አቀፋት።

ንዴቱ የመጣው መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ዕቃ እየጫንን ሳለ ሐኪሙ መጣ። ድምፁን አሁንም ከፍ አላደረገም። በኔ በኩል ማለፉን ትቶ፣ ለሕፃን ወይም ለደንቆሮ እንደሚናገር ሰው ቃላቱን አንድ በአንድ እየለየ በእንግሊዝኛ "እሺ ብለኸኝ ነበር" አለው። "ትጠብቅ አልኩህ። ትጠብቅ። አንተ እሺ አልክ" እያለ የራሱን አውራ ጣት አሳየው።

ፈረንሳዊው በሦስት ወር ውስጥ የቃረማቸው ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ነበሩት። "ጠብቅ" የምትለዋን ያውቃታል። ወደኔ ዞረ።

"ማን ነው የሚጠብቀው? ምን እያለ ነው?"

መዋሸት አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሐኪሙ በጆሮዬ ያለኝን፣ እኔ የመለስኩለትን። እየነገርኩት ሳለ ፊቱ ነጣ። ሐኪሙ ላይ ይጮኻል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ሐኪሙን ረሳው።

"አንቺ!" አለኝ።

እርስዎ አላለኝም። ያችን ድንበር ያለፈው በዚያች ቃል ነው፤ ጥፊ ነበር የመሰለኝ።

"አንቺ ምን አግብቶሽ?"

"ላድንዎት ብዬ ነው" አልኩት። "ያቺን ቃል ድጋሚ እንዳይሰሟት…"

"ማን አድኚኝ አለሽ? አሥራ አንድ ዓመት! አሥራ አንድ ዓመት ያንን ቃል አንድ ሰው መልሶ እንዲለኝ ስጠብቅ ኖርኩ፤ በገዛ አፌ እምቢ እንድለው! ዛሬ መጣልኝ። ደጄ ድረስ መጣልኝ! አንቺ በር ላይ ቆመሽ መለስሽው። እኔ ደግሞ እንደ ጅል አውራ ጣቴን አሳየሁት። እሺ አልኩት! እንደገና እሺ አልኩት!"

"ለርስዎ አስቤ ነው…"

"እሱም ለኔ አስቦ ነበር፤ ዳይሬክተሩም! ሁላችሁም ለኔ ታስባላችሁ። ለኔ የሚያስብልኝ ሰው አልጠፋም፣ እመቤት፤ የጠየቀኝ ሰው ነው የጠፋው።"

ሐኪሙ ከአንዳችን ወደ አንዳችን እያየ "ምን እያለ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው መምታት አምሮኝ አያውቅም። "ራስህ ጠይቀው" ብዬው መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ፈረንሳዊው ከፖስተኛዋ ጋር ሄደ።

ማክሰኞ የክለቡ ኮሚቴ ስብሰባ ተጠራ። ለማስተርጎም ሄድኩ። ፈረንሳዊው በር ላይ አገኘኝና "አያስፈልግም" አለኝ፤ እጁ ላይ ትንሽ መዝገበ ቃላት ይዟል። ውጪ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ውስጥ የሆነውን በኋላ የነገረችኝ ፖስተኛዋ ናት፤ የአባላቱ ተወካይ ሆና ገብታ ነበር። አሰልጣኙ ተነሥቶ በተሰባበረ እንግሊዝኛ "አንተ እኔን ጠይቅ። እኔ አይሆንም እላለሁ። ዛሬ አይሆንም እላለሁ" አለ። ሐኪሙ ወረቀቱን እያስተካከለ "አሁን ማንም ምንም እየጠየቀህ አይደለም" ብሎ መለሰለት። ከዚያ እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ ተባረረ። ምክንያቱ "ከአባላት ጋር መግባባት አለመቻል" ተብሎ ተጻፈ።

ሐሙስ ከፋብሪካው ዴይ ኦፌ ነበር። ክሊኒኩ ሄድኩ። አራት ሰው ተቀምጦ ተራ ይጠብቃል። የፈረንሳዊው ፖስተር እንደተሰቀለ ነው። ሐኪሙ ጭምብሉን አንገቱ ላይ አውርዶ ሲወጣ ተነሣሁ።

"በውድድሩ ቀን በጆሮዬ ያልከኝን ለነዚህ ሰዎች ንገራቸው" አልኩት።

"ምን አልኩሽ?" አለ፤ በዚያው ድምፅ።

"ፖስተኛዋ ቆማ ልጅህን ትጠብቅ ብለኸኛል! ልጅህ እንድታሸንፍ!"

ጋዜጣ ያነብ የነበረው ሽማግሌ ቀና ብሎ አየን። ሐኪሙ ግን አልደነገጠም። ጠጋ አለኝ።

"ላንቺ ነገርኩሽ" አለኝ። "ለሱ ያላደረስሽው አንቺ ነሽ። ሥራሽን ያልሠራሽው አንቺ ነሽ። ብትነግሪው ኖሮ እምቢ ይለኝ ነበር፤ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር። እሺ ብሎ ከዳኝ ብዬ እንዳምን ያደረግሽው አንቺ ነሽ።" ከዚያ ወደ ጸሐፊዋ ዞሮ "እኚህ ሴት በስህተት ነው የመጡት፤ አፖይንትመንት የላቸውም" አላት።

ምን ልበለው? ሰውየው ሌባ ነው፤ የተናገረው ግን እውነት ነበር። ከሌባ አፍ እውነት መስማት ምን ያህል እንደሚያበግን የደረሰበት ያውቀዋል። ቤት ደርሼ ለባለቤቴ ስነግረው "እንግዲህ ለፈረንሳዊው ኮል አድርጊለትና ሶሪ በይው" አለኝ። ደወልኩ። አላነሳም። ሦስት ቀን ደወልኩ።

ክለቡ ፖስተኛዋን ለአገር አቀፉ ሻምፒዮና ሊያስመዘግባት አልፈለገም፤ ፎርሙ ጠፋ አሉ። እሷ ግን ዝም አላለችም። ራሷ ሞልታ፣ ክለብ በሚለው ቦታ ላይ "የለኝም" ብላ ጽፋ ላከች። የእረፍት ቀኖቿን አጠራቅማ፣ ቫኗን ነድታ ወደ ምሥራቅ ሄደች። ፈረንሳዊው ያለ ደሞዝ መካኒክ ሆኖ አብሯት ሄደ። አሥራ ዘጠነኛ ወጣች። ስትመለስ ስለ አሥራ ዘጠነኛነቷ ስትነግረኝ ሌላ ሰው ስለ ወርቅ ሜዳሊያ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። እሱ ግን አልተመለሰም። ኩቤክ ውስጥ አንድ ትንሽ ክለብ ሥራ ሰጥቶታል። እዚያ ለመናገር የማንም አፍ አያስፈልገውም።

ማሽን ስድስት መሆን ብቻ ቀረልኝ፤ ግን ብዙ አልቆየሁም። በዚያው ዓመት የአስተርጓሚነት ኮርስ ወስጄ ሆስፒታል ተቀጠርኩ። ሐኪሞች የሚሉትን፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ እንዳለ እናገራለሁ። አንዳንዴ በሽተኛው እኔን ያየኛል፤ የጨከንኩበት እኔ እንደሆንኩ አድርጎ። ያኔ አንገቴን ደፍቼ እስከ መጨረሻው እተረጉማለሁ።

በጸደይ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። ድምፁን ወዲያው አወቅኩት።

"እመቤት፣ እንዴት ነዎት?" አለኝ። ወደ እርስዎ ተመልሷል። ለአክብሮት ይሁን ለርቀት አልገባኝም።

ስለ አዲሱ ክለብ አወራኝ፤ ጭቃው ጥሩ ነው አለ፤ ጉልበቱ በብርድ እንደሚያመው፣ የኩቤክ ሰዎች ፈረንሳይኛ መጀመሪያ ግራ እንዳጋባው ነገረኝ። ሳቅን።

"ይቅር ብለውኛል?" አልኩት።

 

"ገና ነኝ" አለኝ። "እየሞከርኩ ነው። ግን ገና ነኝ።"

አንድ ሁለት ነገር ተባብለን ስልኩን ዘጋን። ከዚያ በኋላ ደውሎ አያውቅም። ባለቤቴ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ይሰማ ነበር።

"ምን አለሽ?"

"ገና ነኝ አለኝ።"

"ታዲያ ይቅር ካላለሽ ለምን ደወለ?"

በዚህ ጥያቄው ያን ከሰዓት ሙሉ ሳኮርፈው ዋልኩ።